ለብ ያለው ውኃና ማስረጃው

በቶሮንቶ ከተማ የብርዱ ወራት ሲገባ፣ ከኦንታርዮ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ በውጭ የሚሄደውን ሰው ፊትና እጅ ሲያደርቀው፣ በየቤቱ ቀንና ሌሊት የሚሠራው ማሞቂያ ደግሞ የውስጡን አየር እርጥበት እየነሣ ያንኑ ሥራ ስለሚፈጽመው፣ ቆዳው አስቀድሞ የደከመ ሰው፣ ይልቁንም ችፌ የያዘው ሕፃን፣ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለውን ጊዜ በእከክና በእንቅልፍ ማጣት ያሳልፈዋል። በዚህች ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በዳንፎርዝ ጎዳና ካሉት የሐበሻ ሱቆች ጀምሮ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ድረስ በሚገናኙበት ስፍራ ሁሉ ስለዚህ ነገር ሲመካከሩ፣ አንዷ ውኃ ቆዳን ስለሚያደርቅ ልጁን ከማጠብ መቆጠብ ይገባል ስትል፣ ሌላዋ ያለ መታጠብ ፈውስ የለም ትላለች፤ ሐኪሙ በበኩሉ በገንዳው ውኃ ላይ ጥቂት በረኪና ጨምሩበት ብሎ ያዘዘ እንደ ሆነ፣ በረኪናን ለነጭ ልብስና ለመጸዳጃ ቤት ብቻ የምታውቀው እናት ብትደነግጥ የሚያስገርም አይሆንም።

እነዚህ ሦስት አሳቦች፣ ማለት የመታጠብ ስጋት፣ የመታጠብ ተስፋና የበረኪናው ትእዛዝ፣ እያንዳንዳቸው በሊቃውንት ዘንድ ተፈትነዋል፤ የፈተናውም ታሪክ ከራሱ ከችፌው አልፎ ስለ ሕክምና እውነት ብዙ የሚያስተምረን ስለ ሆነ በሰፊው ሊነገር ይገባዋል። ገር የሆነ ሕክምና ቀላል በመምሰሉ ብቻ ሊናቅ እንደማይገባው ሁሉ፣ ጉዳት የሌለው በመምሰሉ ብቻም ያለ ፈተና ሊታመን አይገባውም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሕመሙን ጠባይ መረዳት ያስፈልጋል። የሰው ቆዳ የላይኛው ሽፋን ሁለት ዐበይት ተግባራት አሉት፤ ይኸውም የሰውነትን እርጥበት በውስጥ መጠበቅና ከውጭ የሚመጣውን ባዕድ ነገር መከልከል ነው። ሐኪሞች አቶፒክ ኤክዚማ የሚሉት ሥር የሰደደ ችፌ ባለበት ሰው ዘንድ ግን ይህ ሽፋን ስለሚሳሳ እርጥበቱ ወደ ውጭ ይሸሻል፤ አቧራው፣ ሳሙናውና ረቂቃን ተሕዋስያን ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ፤ የሰውነትም የመከላከያ ኃይል በእነዚህ ተቆጥቶ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ማሳከኩ ወደ ማከክ፣ ማከኩም ወደ መቁሰል እያደረሰ ደዌው ራሱን በራሱ ያጸናል፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ተሕዋስም በጤናማ ቆዳ ላይ እምብዛም የማይገኝ ሲሆን በችፌው ላይ ግን በብዛት ይሰፍርበታል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ የታመመውን ሕፃን ከጓደኞቹ መለየት ኀዘን ከመጨመር በቀር ምንም አይጠቅምም።

የዚህ ሽፋን ድክመት ከዘር የሚወረስበትን አንዱን መንገድ በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2006 ገለጡት፤ ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚያስገኘው ጂን ጉድለት ሲኖርበት ሰው ለችፌ እንደሚጋለጥ አሳዩ። ነገር ግን የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ኢትዮጵያውያን ሕሙማንን መርምረው በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ በአውሮፓውያን ዘንድ የታወቁትን የፊላግሪን ጉድለቶች በእነርሱ ላይ ሊያገኟቸው አልቻሉም። ከዚህ የምንማረው፣ ሕመሙ አንድ ስም ቢኖረውም ሥሩ በየሕዝቡ ሊለያይ እንደሚችልና፣ በአንዱ ሕዝብ ላይ የተገኘውን ማስረጃ ሳይመረምሩ ለሌላው ማዋል እንደማይገባ ነው።

አሁን ወደ ውኃው ነገር እንመለስ። በመጀመሪያ ተቃራኒ የሚመስሉት የሁለቱ እናቶች ቃላት ሁለቱም እውነት አለባቸው። ጠፍር ውኃ ከጠጣ በኋላ ያለ ቅባት በፀሐይ ቢሰጣ ተኮማትሮ እንደሚሰነጠቅ፣ እርጥብ ሳለ ቅባት ቢጠጣ ግን ለስልሶ እንደሚታዘዝ፣ የታመመ ቆዳም ከውኃ ወጥቶ ሳይቀባ ቢቀር የነበረውን እርጥበት ሳይቀር ከውኃው ጋር ያጣዋል፤ ገና እርጥብ ሳለ ቅባት ቢያገኝ ግን የጠጣውን ውኃ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ በሰሜን አሜሪካ ያሉ የቆዳ ሐኪሞች ሕመምተኛው ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ተነክሮ፣ ሳይፈተግ በፎጣ ተዳብሶ፣ በሦስት ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ቫዝሊን ወይም ሌላ ወፍራም ቅባት እንዲቀባ ያዝዛሉ።

ይህ ትእዛዝ ራሱ በሙከራ ተመዝኗል። በአሜሪካ 42 ሕፃናት የተካፈሉበትና በ2020 የታተመው ጥናት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ተነክረው ወዲያው የሚቀቡት ሕፃናት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ከሚታጠቡበት ጊዜ ይልቅ ቆዳቸው እንደሚሻል አሳየ። በኋላ ግን በብሪታንያ የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከሕሙማኑ ጋር አብረው ባቀዱትና 438 ሰዎች በተካፈሉበት ጥናት፣ በየቀኑ በሚታጠቡትና በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በሚታጠቡት መካከል በሕመሙ ብርታት ረገድ ልዩነት አልተገኘም። ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ የሚያይ አንባቢ፣ በቁጥር ስንት ጊዜ መታጠብ እንደሚገባ ከመከራከር ይልቅ ከመታጠቡ በኋላ ለሚሆነው ነገር መጠንቀቅ እንደሚበልጥ ይረዳል፤ ልጄን ብዙ አጠብሁ ወይም ጥቂት አጠብሁ እያለች ራሷን የምትወቅስ እናትም ከዚህ ሸክም ልታርፍ ይገባታል።

ቀላል ነገርን የመናቅ ልማድ በሰው ልጅ ዘንድ ጥንታዊ ነው። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ለምጽ ይዞት ወደ ኤልሳዕ በመጣ ጊዜ፣ ነቢዩ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ብሎ ቢልክበት ተቆጥቶ ሊመለስ እንደ ነበረና፣ አገልጋዮቹ ከባድ ነገር ቢታዘዝ ኖሮ ያደርገው እንደ ነበር አስታውሰው እንዳለዘቡት በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። በዘመናችንም ሐኪም ቤት ሄዶ መርፌ ወይም ውድ ክኒን የጠበቀ ሰው፣ ለብ ባለ ውኃ ታጠብና ተቀባ ሲባል የተናቀ መስሎት ይሄዳል። የዚህ ስሕተት ወንድም የሆነ ሌላ ስሕተትም አለ፤ እርሱም ነገሩ ገር ከሆነ፣ ከተፈጥሮም ከተገኘ፣ ጉዳት አይኖረውምና መመርመሩ አያስፈልግም የሚለው ነው። የበረኪናው ታሪክ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል።

የበረኪና ዋና ኃይል ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከተባለው የክሎሪን ውሕድ የሚመጣ ሲሆን፣ የቶሮንቶ ከተማም ከክሎሪን ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ከ1910 ጀምሮ ከሐይቁ የሚቀዳው የመጠጥ ውኃ በክሎሪን እየታከመ፣ በሐኪሙ በቻርልስ ሄስቲንግስ የከተማ ጤና ኃላፊነት ዘመን ብዙ ሕዝብ ይጨርስ የነበረው የአንጀት ተስቦ እየቀነሰ ሄደ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ኬሚስቱ ሄንሪ ዴኪን ከሐኪሙ ከአሌክሲስ ካሬል ጋር ሆኖ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ሃይፖክሎራይት ባለበት ፈሳሽ የወታደሮችን ቁስል አጠበበት። ለችፌ የሚታዘዘው መጠን ከዚህ አንድ መቶኛ ብቻ ነው፤ ከመቶ 6 እጅ ሃይፖክሎራይት ካለበት የቤት በረኪና 120 ሚሊ ሊትር ወስደን 150 ሊትር ያህል ውኃ በያዘ ሙሉ ገንዳ ብንበርዘው፣ የሚገኘው ውኃ ከመቶ 0.005 እጅ ብቻ ይሆናል።

ይህን መታጠቢያ በታወቀው መንገድ መጀመሪያ የፈተነው በ2009 የታተመው የቺካጎ ጥናት ነው። ችፌያቸው በተሕዋስ የቆሰለባቸው፣ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 17 ዓመት የሆነ 31 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ሁሉም በመጀመሪያ የሚዋጥ ጀርም ገዳይ መድኃኒት ከተሰጣቸው በኋላ፣ እኩሌቶቹ ለሦስት ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በረኪና በተበረዘበት ውኃ እየተነከሩ በአፍንጫቸውም ጀርም ገዳይ ቅባት ሲደረግላቸው፣ እኩሌቶቹ ደግሞ ተራ ውኃ ያለበት ጠርሙስና መድኃኒት የሌለበት ቅባት ተሰጣቸው። በረኪናው የደረሳቸው ሕሙማን ከሌሎቹ የበለጠ ተሻላቸው፤ ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ልዩነቱ የታየው በውኃው ውስጥ በተነከረው በግንዳቸውና በእጅ በእግራቸው ላይ ሲሆን፣ ከውኃው በላይ በሚቀረው ፊትና አንገት ላይ ግን ልዩነት አለመታየቱ ነው። የአንዱ ሕፃን ሰውነት በራሱ ላይ ማነጻጸሪያ ሆኖ ምስክርነት ሰጠ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የዕጣውንና የተራውን ውኃ ምክንያት ማብራራት ይገባል፤ የፈተናው ጥበብ ሁሉ በእነዚህ ላይ ያርፋልና። ችፌ በባሕርይው የሚነሣና የሚተኛ ሕመም ስለ ሆነ፣ ሰውም ሐኪም ቤት የሚሄደው ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ምንም ቢደረግ ወይም ባይደረግ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚሻለው ይኖራል፤ ከዚህም ጋር በየጊዜው ለመታጠብ የተነሣ ቤተሰብ በቅባቱም ይተጋል፤ በመድኃኒቱም ያመነ ሰው እከኩ የቀለለ ይመስለዋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የበረኪናውን ድርሻ ለይቶ ለማወቅ፣ በእምነትም በትጋትም በወቅትም የተካከሉ ሁለት ወገኖችን በአንድ ነገር ብቻ ማለያየት ግድ ነው። በሐኪሙ ምርጫ ቢሆን የከበደባቸው ወደ አንዱ ወገን፣ የቀለለላቸው ወደ ሌላው ሊያደሉ ይችላሉ፤ ዕጣ ግን ለማንም አያዳላም።

አንድ ጥናት ብቻውን ፍርድ ሊሆን እንደማይችል በኋላ የመጡት አሳዩ። በማሌዥያ የተደረገው የበረኪናውን ጥቅም ሲደግፍ፣ በሆንግ ኮንግ የተደረገው ከተራ ውኃ የተለየ ነገር አላገኘም፤ በ2017 የታተመው የጥናቶች ማጠቃለያም ሁለቱም መታጠቢያዎች ሕመሙን እንደሚቀንሱና በረኪናው ከተራው ውኃ እንደማይበልጥ ደመደመ። ለማነጻጸሪያ ተብሎ የተቀመጠው ተራ ውኃ ራሱ መድኃኒት ሳይሆን እንደማይቀር በዚህ ጊዜ ታሰበ፤ ነገር ግን ችፌ በራሱም የሚነሣና የሚተኛ ሕመም ስለ ሆነ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ጉዳዩን እንደገና የመረመሩት ለቶሮንቶ ቅርብ በሆነው በሃሚልተን ከተማ የሚገኙት የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ናቸው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1887 በቶሮንቶ ተመሥርቶ በ1930 ወደ ሃሚልተን የተዛወረ ሲሆን፣ ዴቪድ ሳኬትና ጎርደን ጋያትን የመሳሰሉ ሐኪሞች በማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና የሚባለውን ትምህርት ያስፋፉበት ስፍራ ነው። በዴሬክ ቹ የሚመራው ቡድን በ2022 ባሳተመው ጥናት 307 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 10 የዕጣ ሙከራዎች፣ ከዚያ በፊት ያልታተሙ መረጃዎችን ጭምር ሰብስቦ፣ የበረኪናው መታጠቢያ ሐኪሞች የሚለኩትን የችፌ ብርታት ከመቶ 22 ያህል ሳይቀንሰው እንደማይቀር ገመተ፤ በሕሙማኑ ራሳቸው በሚነገረው እከክና በእንቅልፋቸው ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አላገኘም። በ2023 የወጣው የአሜሪካ የአለርጂ ሐኪሞች መመሪያም ይህን ተከትሎ፣ ሕመሙ መካከለኛ ወይም ብርቱ ለሆነባቸው ሰዎች መታጠቢያው ቢጨመር የሚመረጥ መሆኑን፣ ለቀላል ችፌ ግን እንዳይታዘዝ መከረ፤ ምክሩም በጽኑ ማስረጃ ላይ ያልቆመ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። ይህን የማስረጃን ልክ አብሮ የመናገር ትሕትና እኔ ከግኝቱ ባላነሰ አከብረዋለሁ፤ ወላጅ የሚወስነው የተስፋውን መጠን ሲያውቅ ነውና።

ፈተና አንዳንዴም የተወደደውን ነገር ይጥላል። በእንግሊዝና በዌልስ 482 ሕፃናት የተካፈሉበትና ባዝ የተሰኘው ጥናት በ2018 ሲታተም፣ በገንዳ ውኃ ላይ የሚፈሱት የቆዳ ማለስለሻ ዘይቶች በቀጥታ ከሚቀባው ቅባት ላይ የሚጨምሩት ይህ ነው የሚባል ጥቅም እንደሌላቸው አረጋገጠ፤ ከእርሱ አስቀድሞ በ2011 የታተመውና 336 ሕፃናት የተካፈሉበት ሌላ ጥናትም፣ ውኃን የሚያለሰልሰው ውድ መሣሪያ ችፌን እንደማያሻሽል አሳይቶ ነበር። እንዲህ ያለው ውጤት ለደኅና ኑሮ ለሚታገል የስደተኛ ቤት ትልቅ በረከት ነው፤ ለማይጠቅመው ጠርሙስ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለሚጠቅመው ቅባት ይውላልና።

ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ ዓይኑን ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይመልስ። በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት የኖረ ገበሬ፣ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ አጥንቶ ፖዶኮኒዮሲስ ብሎ የሰየመው የዝሆኔ ዓይነት ሲይዘው፣ እግሩ አብጦ ቆዳው ይሰነጠቃል፤ በየጊዜው በሚነሣበት ትኩሳትና ሥቃይም አልጋ ላይ ይውላል። ለዚህ በሽታ የሚታዘዘው እግርን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቆዳውን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ማንቀሳቀስና ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በ2018 በታተመው ጎልቤት በተባለው ጥናት 696 የምሥራቅ ጎጃም ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው፣ 350ዎቹ ይህን እንክብካቤ ወዲያው ሲጀምሩ 346ቱ ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኙ ተደረገ፤ በዓመቱም ውስጥ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የሚነሣው የሥቃይ ጊዜ ተራቸውን በጠበቁት ዘንድ በአማካይ 23.9 ሲሆን፣ በታጠቡት ዘንድ 19.4 ሆነ። ልዩነቱ በዓመት አራት ጊዜ ተኩል ያህል ከሕመም ማምለጥ ማለት ነው፤ እርሻ ለሚጠብቀው ሰው፣ ልጆች ለምታሳድግ ሴት፣ ይህ ከቁጥር በላይ ነው።

ቆዳን ነክሮ መቀባት ለሀገራችን እንግዳም አይደለም። የሥጋ ደዌ ነርቫቸውን የነሣቸው ሕሙማን እጅና እግራቸውን በውኃ ነክረው፣ ጠንካራውን ቆዳ ፍቀው፣ እርጥብ ሳለ ዘይት ወይም ቫዝሊን እንዲቀቡ መማራቸው የሥጋ ደዌ ሕክምና መደበኛ ትምህርት ነው፤ በ1965 የተመሠረተው በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ የሚገኘው አለርትም በዚህ ሕክምና የታወቀ ማእከል ነው። ስለ ጠበል የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ጠበል የእምነትና የጸሎት ነገር ስለ ሆነ በዕጣ አይፈተንም እለዋለሁ፤ ሐኪም የሚፈትነው የውኃውን ሥጋዊ ሥራ ብቻ ነው። ተጠምቆ የወጣ ሰው ቅባቱን ቢቀባና የታዘዘለትን መድኃኒት ባያቋርጥ፣ ሃይማኖቱን አይነካበትም፤ ቆዳውን ግን ይጠቅመዋል።

ለቤት የሚሆነው ምክር እንግዲህ አጭር ነው። ውኃው ለብ ያለ እንጂ የሚፈጅ አይሁን፤ ሳሙናው ሽቶ የሌለበት ይሁን፤ ከውኃው ሲወጡ ወዲያውኑ ይቀቡ። በረኪና የቤተሰብ ሐኪም ወይም የቆዳ ሐኪም ሲያዝዘው ብቻ ይግባ፤ በካናዳ የሚሸጡት በረኪናዎች ጥንካሬያቸው ስለሚለያይ የጠርሙሱ ጽሑፍ ይነበብ፤ በዓይን ግምት ሳይሆን በመስፈሪያ ይለካ፤ ሕፃኑ ከመግባቱ በፊት በውኃው በሚገባ ይበረዝ፤ ሳይበረዝ ቆዳ አይንካ፤ አሞኒያ ወይም አሲድ ካለባቸው ማጽጃዎች ጋር ከቶ አይቀላቀል፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና። ገንዳ በሌለው ቤት በሳፋ የሚታጠብ ሰውም መጠኑን ከሐኪሙ ጠይቆ ይረዳ።

የሚቀረው ዐቢይ ነገር የእኛ የራሳችን ድርሻ ነው። የችፌን ብርታት የሚመዝኑት መለኪያዎች የቆዳውን መቅላት ከሚያዩባቸው ምልክቶች ዋናው ያደርጉታል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ያ መቅላት ሐምራዊ፣ አመድማ ወይም ጠቆር ያለ መስሎ ስለሚታይ፣ ያልለመደ ዓይን ብርቱውን ሕመም ቀላል አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ጥናት የሚመሰክረው በውስጡ ስለገቡት ሰዎች ነው፤ እኛ ያልገባንበት ማስረጃ ለልጆቻችን የሚናገረው በግምት ብቻ ነው። ስለዚህ በቶሮንቶም ሆነ በሌላ ከተማ ሐኪም ለእንዲህ ያለ ጥናት ሲጋብዘን፣ ከምን ጋር እንደምንነጻጸር፣ ሊደርስብን የሚችለው ጉዳት ምን እንደ ሆነ፣ በፈለግን ጊዜ ማቋረጥ እንደምንችል በሚገባ ጠይቀን፣ መልሱ ካጠገበን እሺ ማለት ይገባናል። የምሥራቅ ጎጃም 696 ገበሬዎችና እናቶች እኩሌታዎቹ ዓመት ሙሉ ተራቸውን ጠብቀው በእግር ማጠብ ላይ ለዓለም ማስረጃ ሰጥተዋል፤ የሞቀ ውኃና ነጻ ሐኪም ቤት ያለን እኛ ደግሞ ስለ ልጆቻችን ቆዳ ከእነርሱ ያነሰ ልንሰጥ አይገባንም።